የአቶ ላፌቦ ግራ እግር

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ሞተር በማጥፋት ነው።

ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ከሆሳዕና አዲስ አበባ፣ ከሆሳዕና ሶዶ አይሱዙ ነድቻለሁ። አንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ የተግባር አሰልጣኝ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና፣ ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ ከየት ይመጣል ብዬ ሸሚዜን አስተኩሼ ሄድኩ።

የሥልጠና ኃላፊው ጋሽ ታምራት ይባሉ ነበር። አባታቸው ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸው ሆሳዕና ተወልደው ሀዲይኛ እንደ እኔ ይናገራሉ። ማስረጃዬን ገለጥ ገለጥ አድርገው መለሱልኝና ወደ መለማመጃው ሜዳ ወሰዱኝ። ራሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ። እኔን ሁለተኛው ፍሬን ባለበት፣ በአሰልጣኙ ወንበር አስቀመጡኝ።

«መኪና ነድቼ አላውቅም እንበል። አስነሳኝ» አሉ።

በግራ እግርዎ ፍሪሲዮን ይርገጡ አልኳቸው፤ ረገጡ። አንደኛ ያስገቡ አልኩ፤ አስገቡ። ቀስ ብለው ይልቀቁ ስላቸው ቀስ ማለት ምን ያህል እንደሆነ፣ የት ላይ መቆም እንዳለባቸው፣ ምን ሲሰሙ ነዳጅ እንደሚሰጡ ጠየቁኝ። ቦታ እንቀያየርና ላሳይዎ አልኩ። መሪውን ይዤ፣ እግሬ ምን እንደሚሠራ ለማየት ጎንበስ ብዬ ፍሪሲዮኑን ስለቅ መኪናዋ ተንገጫግጫ ጠፋች። ደግሜ አስነሳኋት፤ ደግማ ጠፋች። ሜዳው ዳር የቆሙት አሰልጣኞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ጋሽ ታምራት አልሳቁም። «እግርህ ያውቃል፤ አንተ አታውቅም። ተማሪው ደግሞ የሚጠይቀው አንተን ነው» አሉኝ። እዚያው ቀጠሩኝ፤ ሁሉም አሰልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ሞተር እንደሚያጠፋ የነገሩኝ በኋላ ነው።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት አፍሬ ሳይሆን እንደ ሕፃን ተደስቼ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው የኖርኩት እግሬ ሳይነግረኝ የያዘው ሙያ እንዳለ ገባኝ። በትርፍ ሰዓቴ መኪናዋን ሜዳ ላይ አውጥቼ እያስነሳሁና እያቆምኩ እግሬን ማጥናት ጀመርኩ። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፤ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ቀና ይላል፤ ወንበሩም በጀርባ በኩል ይንቀጠቀጣል። እነዚህን ሦስቱን ለይቼ በቃል መናገር ስችል፣ ተማሪዎቼ ሞተር ማጥፋት እያቆሙ መጡ።

ቀጥሎ የያዘኝ የዓይን ነገር ነው። ከጃጁራ የሚመጣ ብርሃኑ የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። ሜዳው ላይ ለልምምድ በተተከሉት እንጨቶች መሃል ጠምዝዞ ሲያልፍ ሁልጊዜ አንዱን እንጨት፣ ያውም ሁልጊዜ ያንኑ እንጨት ይገጨዋል። ተጠንቀቅ ባልኩት ቁጥር ባሰበት። ጎኑ ተቀምጬ መሪውንና እጁን ስመለከት ምንም አላገኘሁም። ኋላ ላይ የፊት መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ስፖኪዮ ገዛሁና ወደ ተማሪው ዓይን አዞርኳት። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ብርሃኑ እንጨቱን ስለሚፈራው ዓይኑን ከእንጨቱ ላይ አይነቅልም፤ እጁም ዓይኑን ይከተላል። እንጨቱን ተወውና በመሃል ያለውን ክፍት ቦታ እይ አልኩት። አንድም እንጨት ሳይነካ አለፈ። ከመኪናው ወርዶ እንጨቶቹን እየዞረ አያቸው፤ ሰው ያነሳቸው መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያቺን ትንሽ መስታወት ሳልለጥፍ አስተምሬ አላውቅም። አዲስ ለማጅ አፍንጫው ስር ያለውን አስፋልት ያያል። ትንሽ የለመደ ከፊቱ ያለውን መኪና ያያል። የበሰለ ሹፌር ኩርባው የሚያልቅበትን አሻግሮ ያያል። ተማሪው ለፈተና መድረሱን የማውቀው በእጁ ሳይሆን በዓይኑ ሆነ።

ልማድ ግን ከዓይንም ይቀድማል። ታሪኩ የሚባል ባጃጅ ነጂ ወደ አውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ሊያሳድግ መጥቶ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ምን ላስተምረው እያልኩ በከተማው እየነዳን ነው። መናኸሪያውን አለፍ እንዳልን አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር እጇን አነሳች። ታሪኩ ፍሬቻ አሳየ፣ ዳር ያዘ፣ በሥርዓት ቆመ። ሴትዮዋ የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ዘንቢሏን አደላድላ ሆስፒታሉ ጋ አውርደኝ አለችው። እሱም እሺ ብሎ መንዳት ሊጀምር ሲል ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ጣራው ላይ «ለማጅ» የሚል ጽሑፍ እንዳለ ያኔ ትዝ አለው። ከሳቄ ብዛት መናገር አቃተኝ። ሴትዮዋን ሆስፒታሉ ጋ አደረስናት፤ ፍሬቻው፣ አቋቋሙ፣ አነሳሱ ሁሉ እንከን አልነበረበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ዘነበች የአንጋጫ ሰው ናት፤ የጎመንና የድንች ነጋዴ። ባለቤቷ አቶ ላፌቦ ባለ ነጭ ፒካፕ ነበሩ። እሷ ከገበሬው ትሰበስባለች፤ እሳቸው ጭነው በዱራሜ በኩል እስከ አዲሎ ያወርዳሉ። የልጆቹ ትምህርት፣ የቤቱ ኑሮ፣ ሁሉም በዚያች ፒካፕ ላይ ነው። አንድ ጠዋት አቶ ላፌቦ ከአልጋቸው ሲነሱ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። በምርኩዝ መራመድ ሲጀምሩም ንግግራቸው አልተመለሰም። ከምባትኛውም አማርኛውም ጠፋ። ሰው ሲያናግራቸው ይሰማሉ፤ ለመመለስ ሲታገሉ ግን ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ኋላም ይተዉታል።

ዘነበች እሳቸውን ለፊዚዮቴራፒ ወደ ሆሳዕና ስታመጣ፣ በዚያው ለመንጃ ፈቃድ ተመዘገበች። ቤተሰቡ አልወደደላትም። የአቶ ላፌቦ ታናሽ ወንድም ደሳለኝ መኪናው ቆሞ ከሚበላሽ ይሸጥ የሚል ሰው ነው፤ ገዢም አግኝቷል። ዘነበች ፈተናውን እስክትወስድ ታገሡኝ ብላ በሽማግሌ ለምና ነው የመጣችው። ይህን ሁሉ የነገረችኝ በመጀመሪያው ትምህርት፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው።

አነዳዷ አስቸጋሪ ነበር። ማርሽ ስትቀይር ዓይኗ ወደ ማርሹ ይወርዳል፤ ዓይኗ ሲወርድ መኪናዋ ወደ ቦዩ ታዘነብላለች። ሞተሩ ማርሽ ቀይሩልኝ ብሎ ሲጮህ አትሰማም። በጣም ስትጨነቅ ደግሞ ሁሉንም ነገር አንድ ላይ ትረግጣለች። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቀን ይደርሳል እለው ነበር። የዘነበች ቀን ግን አጭር ነበር።

አቶ ላፌቦ ከሕክምናው ሲወጡ ሜዳው ዳር ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጠው ይጠብቋታል። አንገታቸውን ደፍተው መሬት ያያሉ። አንድ ቀን ትምህርት ልንጀምር ስንል ዝናብ መጣ። ሰውየውን ዝናብ ላይ ጥለን አንሄድም ብዬ በኋላ ወንበር፣ ልክ ከእኔ ጀርባ አስገባኋቸውና ወደ አንጋጫ በሚወስደው መንገድ ወጣን።

ትንሽ እንደሄድን ወንበሬን ከስር የሚመታ ነገር ተሰማኝ። የመኪናው ብልሽት መሰለኝ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ፤ ጎማም አይደለም፣ ሾክ አብዞርበርም አይደለም። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ድንገት አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ምቱ የሚመጣው ሞተሩ ማርሽ ሲጠይቅ ነው። ያቺን ትንሽ መስታወት ከዘነበች ዓይን ወደ ኋላ አዞርኳት።

አቶ ላፌቦ አንገታቸውን አልደፉም። ዓይናቸው ኩርባው ጫፍ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ስፖኪዮ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ኩርባው። ግራ እግራቸው ደግሞ የወንበሬን ስር ይረግጣል። ፍሪሲዮን እየረገጡ ነበር። ሁለተኛ መግባት ባለበት ቦታ ላይ ይረግጣሉ፤ ይለቃሉ። ዘነበች ዘግይታ ትቀይራለች። እሳቸው አንድም ጊዜ አልዘገዩም።

ለዘነበች ወዲያው አልነገርኳትም፤ ከመንገዱ ታወጣን ነበር። ሜዳው ደርሰን ሞተሩን ካጠፋች በኋላ ነገርኳት። ዞራ ባሏን አየቻቸው። እሳቸው መልሰው አንገታቸውን ደፍተዋል።

አቶ ላፌቦ በየትምህርቱ ከኋላ ይቀመጡ ብዬ ስጠይቅ ጋሽ ታምራት መጀመሪያ አልፈቀዱም። በለማጅ መኪና ላይ ሕመምተኛ መጫን ኃላፊነቱ የማን ነው፣ ሰው ሲሰማስ ምን ይለናል አሉ። የሰማሁትን ምት በጉልበቴ ጠረጴዛቸውን ከስር እየመታሁ አስረዳኋቸው። ካዳመጡ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ ካልተቃወመ፣ ቀበቶ ታስረው፣ ገበያ በማይውልበት ቀን ብቻ ብለው ፈቀዱ። ፊዚዮቴራፒስቱም ደስ እያለው ተስማማ።

እንግዲህ ለዘነበች አዲስ ትምህርት ጀመርን። ወደ ማርሹ አትዪ፣ መንገዱን እዪ፣ እግሩን ስሚ አልኳት። ምቱ ሲሰማ ትቀይራለች። መጀመሪያ ተከትላቸው ነበር የምትቀይረው፤ ኋላ ኋላ አብረው ይረግጡ ጀመር። ጆሮዋ የባሏን እግር ሲያዳምጥ ሞተሩንም መስማት ለመደ፤ ዓይኗም ወደ ታች መውረዱን ተወ። እኔ በመሃል ተቀምጬ ሁለተኛው ፍሬን ላይ እግሬን አሳርፌ፣ ከጀርባዬ አንድ ሹፌር፣ ከጎኔ አንድ ሹፌር ይዤ እሄዳለሁ። እንደዚያ ሰሞን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። ጠዋት ቁርሴን ሳልጨርስ ነበር የምወጣው።

ፈተናው ሲቃረብ ደሳለኝ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ወደ ጎን ወስዶ አነጋገረኝ። ገዢው ከእንግዲህ እንደማይጠብቅ፣ ዘነበችም አጉል ተስፋ ይዛ ወንድሙን እያንገላታች መሆኑን፣ እኔም ክፍያው እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው እንጂ እውነቱን ልነግራት እንደሚገባ ነገረኝ። አልተከራከርኩትም። ዛሬ አብረኸን ሂድና በዓይንህ እይ አልኩት። ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ።

ከዋናው መንገድ ወጥተን አቶ ላፌቦ ጎመን የሚጭኑበትን የአንጋጫ ገጠር መንገድ ያዝን። በዋዜማው ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ቅጠሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ዘነበች ሦስተኛ ላይ ሆና በደንብ ትነዳለች። ከፊታችን ትንሽ ጉብታ አለች፤ ከጉብታዋ ወዲያ ያለው አይታይም። መንገዱ ባዶ ነው፤ እኔም የሚያሰጋ ነገር አላየሁም።

ከጀርባዬ ምቱ መጣ። ቦታው አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ ሞተሩ ምንም አልጠየቀም። ምቱ ደገመ፤ ጠነከረ። ከዚያም አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጎርነን ያለ፣ ከዝገት ውስጥ እንደሚላቀቅ ብሎን ያለ።

«ሁለተኛ» አለ።

ዘነበች አልዞረችም። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ ሁለተኛ አስገባች፣ መኪናዋ ሞተሩ ይዟት ቀስ አለች። ጉብታዋን ስንወጣ ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ ያመጣው ጠጠር መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል። በመሃሉ አንድ ሞተር ሳይክል ተንሸራቶ ወድቋል፤ ነጂው ጉልበቱን ይዞ ሊነሳ ይሞክራል። በሦስተኛ ብንመጣ ጠጠሩ ላይ ፍሬን መያዝ ከንቱ ነበር።

«ፍሬን ቀስ... ቀስ» አሉ አቶ ላፌቦ።

ዘነበች ቀስ ብላ ያዘች። ከሰውየው በፊት ብዙ ቦታ ተርፎን ቆምን። የእኔ እግር ሁለተኛው ፍሬን ላይ እንደ ተቀመጠ ነው፤ አልረገጥኩም።

ደሳለኝና እኔ ወርደን ሰውየውን አነሳነው። ጉልበቱ ከመፋቁ በቀር ደህና ነበር። ስንመለስ ዘነበች በሁለት ወንበር መሃል ዞራ፣ የባሏን እጅ ይዛ፣ «የምሕረት አባት፣ ምን አልክ? ድገመው» ትላለች። ምሕረት የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። አቶ ላፌቦ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ችፍ አለ። ደሳለኝም በከምባትኛ ለመናቸው፤ ምንም አልወጣም።

«መኪናዋን አስነሺ» አልኳት።

አስነሳች። ጠጠሩን በአንደኛ ተሻገርን። ከቁልቁለቱ ስር ካለው ወንዝ በኋላ ያለው ዳገት ግማሽ ላይ ስንደርስ ያው ድምፅ መጣ፤ «አንደኛ» አለ። ከዚያ በሚቀጥለው ኩርባ «ክላክስ»። እሷም ክላክስ አደረገች። በኩርባው ማዶ በርግጥም ጋሪ ይመጣ ነበር። ደሳለኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ በመስታወቴ አየሁት። አንጋጫ እስክንደርስ ከመኪናው ማርሽና ከአቶ ላፌቦ በቀር የተናገረ የለም።

ለምን በአማርኛ እንደሆነ በኋላ ከደሳለኝ ጋር አውግተናል። ቤታቸው የሚነገረው ከምባትኛ ነው፤ እንመልሰው ብለው ሲደክሙ የነበሩትም በከምባትኛ ነው። አቶ ላፌቦ ግን መንዳት የለመዱት በወጣትነታቸው ከአንድ አማርኛ ተናጋሪ ሹፌር ጋር እየዞሩ ነው። የመኪናው ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ቃሉም በገባበት በር ወጣ። የጠጠሩ ነገር ደግሞ ግልጽ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ያ ቁልቁለት ጠጠር ይሞላል፤ እሳቸው በዚያ መንገድ ስንት ክረምት ጎመን ጭነዋል።

ደሳለኝ ያን ዕለት አንጋጫ ላይ ስልኩን አውጥቶ ገዢውን ይቅርታ ጠየቀ።

ፈተናው ዕለት ፈታኙ ማንም ኋላ አይቀመጥም አለ፤ ሕጉም ያው ነው። ዘነበች ያለ እግሩ እንዴት እሆናለሁ አለችኝ። ሞተሩን እንድታዳምጥና አሻግራ እንድታይ ብቻ ነገርኳት። አቶ ላፌቦ አግዳሚው ወንበር ላይ ነበሩ፤ እኔ ከጎናቸው ቆምኩ። መኪናዋ ሜዳውን ለቅቃ ወደ ዳገቱ ስትወጣ ግራ እግራቸው አፈሩን ረገጠ። በዚያው ቅጽበት ከሩቅ የማርሹ ድምፅ ተቀየረ። ዳገት ላይ አቁሞ መነሳቱን ሞተር ሳታጠፋ ጨረሰች። አለፈች። ከፈታኙ መኪና ወርዳ ሳቀች፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሰነባብቶ ዘነበች ደወለችልኝና ጭነት ይዘን ወደ አዲሎ እንሄዳለን፣ አብረኸን ና አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ፒካፗ ጎመን እስከ አፏ ተጭናለች። አቶ ላፌቦ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። ትምህርት ቤቱን ስናልፍ የትምህርት ቤቱን ስም ጠሩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ስም ጠሩ። የደሳለኝ ቤት መገንጠያ ላይ «ደሳለኝ» አሉ፤ በአማርኛም አልነበረም፣ «ወንድሜ» የሚለውን በከምባትኛ ጨመሩበት። ዘነበች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ነዳች። ዱራሜ ስንደርስ እኔ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም እየደረደሩ ነበር፤ እያንዳንዱን በሱቁ፣ በበሩ፣ በቆመበት ጥግ። አዲሎ ላይ የድሮ ደንበኞቻቸው ፒካፗን አይተው እየሮጡ መጡ። አንዱ እንዴት ሰነበትክ ላፌቦ ሲላቸው፣ ደህና የምትለውን ቃል እየተንተባተቡም ቢሆን ራሳቸው መለሱለት።

አሁንም ቤት ውስጥ ሲሆኑ ንግግራቸው ያስቸግራቸዋል። መንገድ ላይ ግን ከወር ወር ይጨምራሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ ከቻላችሁ ከመኪናው አታውርዷቸው ብሏል።

ከዚህ ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ነው። ሰው ያወቀውን ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ አያስቀምጥም፤ ያወቀበት ቦታ ላይም ይተወዋል። ስለዚህ የረሳን ሰው ከመጠየቅ በፊት ወደ ቦታው መውሰድ ይሻላል። አዲስ አሰልጣኞች ሲቀጠሩ የምነግራቸው ይህንኑ ነው።